ጨጓራ መስሎኝ ነበር

«በራስሽ ተማመኚ» ያላለኝ ሰው የለም። አጎቴ በስልክ ይለኛል። የዶርም ልጆች ይሉኛል። ቲክቶክ በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ይለኛል። እንዴት ተደርጎ እንደሚተማመኑ ግን ማንም አይነግረኝም። ይህን የምጽፈው ግቢ ከገቡ ወዲህ «እኔ እዚህ የመጣሁት በስህተት ነው» የሚል ነገር ውስጣቸው ለገባ፣ በተለይ ከትንሽ ከተማ አንደኛ እየወጡ ለመጡ ልጆች ነው። ሐዋሳ ነው የተማርኩት፣ ኢኮኖሚክስ። ድብርት የያዘኝም እዚያው ነው። ተመርቄ ሥራ ይዣለሁ፤ ስለዚህ መጨረሻውን ፈርታችሁ አታንብቡ።

የመጣሁት መንዝ ውስጥ ካለችው ከመሐል ሜዳ ነው። መንዝን የሚያውቅ ብርዱን ያውቀዋል። እናቴ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ጠቅልላ አሸከመችኝ። ሐዋሳ መናኸሪያ ወርጄ፣ ላቤ ጠብ ጠብ እያለ፣ ባናውን አቅፌ ባጃጅ ስፈልግ ሰው ሁሉ ያየኛል። እስክመረቅ ድረስ ከሎከሬ አናት ላይ አልወረደም። ከተማው ያምራል። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ማታ ማታ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ደስ ይላል። ይህ ራሱ ችግር ነበር። ከፋኝ ስል «ሐዋሳ ደርሶሽ ምን ጎደለሽ?» እባላለሁ።

መሐል ሜዳ ሳለሁ ሰቃይ፣ ጎበዝ ተማሪ ማለቴ ነው፣ ነበርኩ። አስተማሪ ሲቀር ሰሌዳው ፊት ቆሜ የማስረዳው እኔ ነበርኩ። ግቢ ስገባ ክፍሉ ሙሉ ሰቃይ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የመጣች ናት፤ አፏን የፈታችው በእንግሊዝኛ ይመስል ነበር። ከእኛ በኋላ የገቡት ደግሞ የባሰ ሸክም አለባቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአንድ ትምህርት ቤት ጥቂት ልጆች ብቻ ሲያልፉ ወረዳው በሙሉ ዓይኑን እነሱ ላይ ይጥላል። እንዲህ ሆኖ የመጣ ልጅ «አልቻልኩም» ብሎ ለማን ይናገራል?

የመጀመሪያው ሚድ ውጤት በር ላይ ሲለጠፍ መታወቂያ ቁጥሬን ከላይ ጀምሬ ፈለግሁ። የለም። ከታች ጀምሬ ፈለግሁ። እዚያም የለም። መሐል ላይ ነበርኩ። ወድቄ ቢሆን ምናልባት እልህ ይዞኝ እነሣ ነበር። መሐል መሆንን ግን አላውቅበትም።

ከዚያ የመጣው ለቅሶ አይደለም። ብዙ ሰው ድብርት ሲባል ለቅሶ ይመስለዋል። እኔን የያዘኝ ዝምታ ነው። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ተውኩ። የግሩፕ አሳይመንት ሲመጣ «እኔ ልጻፈው፣ እናንተ አቅርቡት» እላለሁ፤ ልጆቹም ደስ ይላቸዋል፣ እኔም እገላገላለሁ። ካፌ ሰልፍ ላይ ሰው እንዳያናግረኝ ስልክ የማወራ አስመስላለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጆሮዬ ላይ እንዳለ ጠራ። ፍሬሽማንን እንዲህ እየተጎተትኩ ጨረስኩ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነገሩ ወደ ሰውነቴ ወረደ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይገለጣል፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ላይብረሪ ገብቼ አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነባለሁ፣ ምንም ጠብ አይልም። በልቼ ስነሣ ሆዴ ይቃጠላል። ተቀምጬ ልቤ ይመታል።

እዚህ መካከል ነው አዳራሽ ውስጥ የማነቃቂያ ንግግር የተዘጋጀው። ተናጋሪው «እችላለሁ በሉ!» አለ፤ አዳራሹ ተናወጠ። እኔም ጮህኩ። ዶርም ስገባ የባሰ ሆንኩ። ያ ሁሉ ሰው ተነቃቅቶ ሲወጣ እኔ እንደነበርኩ ነኝ፤ እንግዲያው ችግሩ እኔው ነኝ ማለት ነው። ሰውየውን አልወቅስም፣ እንጀራው ነው። የሚጠቅማቸውም አሉ። ለታመመ ሰው ግን አይሆንም።

ንግግሩ ለምን እንዳልሠራልኝ የሚያስረዳው ነገር ከእጄ አልራቀም ነበር። ፍሬሽማን ላይ ሁላችንም ጄኔራል ሳይኮሎጂ እንወስዳለን፤ ሞጁሉ ስለ ሕይወት ክህሎት የሚያወራ ክፍል አለው። ስለ በራስ መተማመን ተፈትኜ ቢ ፕላስ አምጥቻለሁ። መተማመኑ ግን አልነበረኝም። አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሰው «ይህን እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከአራት ቦታ እንደሚያገኝ ጽፏል። ከሁሉ የሚበልጠው ራሱ ሠርቶ ሲያየው ነው። ሁለተኛው እሱን የሚመስል ሰው ሲሠራ ማየት ነው። ሦስተኛው ሌላ ሰው «ትችላለህ» ሲለው ነው። አራተኛው ሰውነቱ የሚነግረው ነው፤ ሌሊት ሳይተኛ አድሮ ልቡ የሚመታ ሰው ገላው ራሱ «አትችልም» ይለዋል። እኔ የሚደርሰኝ ሦስተኛው ብቻ ነበር። እሱንም አራተኛው በየሌሊቱ ያፈርሰዋል። የመጀመሪያውማ ጭራሽ ተዘግቷል። እጅ ካላወጣሁ፣ ካላቀረብኩ፣ ምን አይቼ ልመን?

ክሊኒክ የሄድኩት ለጨጓራ ነው። የእኛ አገር ተማሪ «ተጨንቄያለሁ» ብሎ ክሊኒክ አይሄድም። ጨጓራዬን፣ ራሴን፣ ወገቤን ብሎ ነው የሚሄደው። ኦሜፕራዞል ተሰጥቶኝ ጨረስኩ። ቃጠሎው ቀለል አለ፣ እንቅልፉ ግን ያው ነው። እንደገና ስሄድ ያገኘኋት ሲስተር ካርዴን አየት አድርጋ «እስቲ ሆድሽን ተይውና፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» አለችኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ተነሥታ በሩን ዘጋች። ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገችና ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣች።

ወረቀቱ ላይ ያሉት ድብርትን የሚለኩ ዘጠኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁሉም ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው የሚጠይቁት። ነገር ሁሉ ደስታ አልሰጥ ማለቱ፣ መከፋት፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ራስን እንደ ከንቱ መቁጠር፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ መጨረሻ ላይ ሞት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ ድምሩ እስከ 27 ይሄዳል። 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በደንብ መታየት አለበት። የእኔ አልፎታል። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ስለ ምግብ በጠየቀችበት ድምፅ «መሞት ይሻለኛል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ጭንቅላት ውስጥ የሚከት ይመስለዋል። አይከትም። «ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ» አልኳት። አልደነገጠችም። ጻፈችው። እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈስኩ።

ሪፈር ስትጽፍልኝ ግን ክው አልኩ። «አማኑኤል ልትልኪኝ ነው?» ስላት ሳቀች። አማኑኤል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበረ ነው ስሙ ስድብ ሆኖ የቀረው፤ ልጅ ሳለን «አማኑኤል ግባ» እንባባል የለ! የላከችኝ እዚያው ሐዋሳ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ ውስጥ ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። የሚጮህ፣ የታሰረ ሰው አያለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ የመሥሪያ ቤት ባጅ ያንጠለጠለ ጎልማሳ፣ እንደ እኔ ደብተር የያዙ ተማሪዎች ናቸው። አንዷን ከላይብረሪ አውቃታለሁ። ተያየንና ሁለታችንም ስልካችን ላይ አቀረቀርን። ዛሬ ጓደኛዬ ናት።

ፍሉኦክሰቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ታዘዘልኝ። ስለዚህ መድኃኒት ግቢ ውስጥ ብዙ ወሬ ስላለ ትንሽ ልቆይበት። እንደ ሱስ አይዝም። አደንዝዞ አያስቀምጥም። ግን ዛሬ ተውጦ ነገ የሚሠራ አይደለም። ለውጡ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ማቅለሽለሹ ግን ቀድሞ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ጋ ነው፣ ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙን ሳያይ። ወጣት ላይ ደግሞ፣ በተለይ ከ25 ዓመት በታች፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሞት ሐሳብ ሊብስ ስለሚችል ቀጠሮ አይቀርም። ከባሰባችሁ ቀጠሮውንም አትጠብቁ። ተሻለኝ ብላችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ። ከተሻለ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ያህል ይቀጥላል፣ ሲቆምም ቀስ እየተባለ ነው። ጎን ለጎን ከባለሙያ ጋር መነጋገርም ነበረ። ቀለል ያለ ድብርት ያለበት ሰው ያለ መድኃኒት በንግግር ሕክምና ብቻ ሊድን ይችላል። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው፣ የዶርም ልጅ አይደለም።

እናቴ ስትሰማ ያለችው «ጸበል እንሂድ» ነው። ለሐኪሙ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኩት። «ሂጂ እንጂ። ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ» አለኝ። ለእናቴ ይህን ስነግራት «መድኃኒቱንስ የፈጠረ ማን ሆነና» አለች፣ በዚያው አለቀ። ግቢ ጉባኤም ሆነ ፌሎ ወይም ጀምዓ፣ ሰው ያለበት ቦታ መሄድ ደግ ነው። ክኒንሽን ጣዪ የሚል ሲመጣ ግን እሺ አትበሉ።

አሁን ማንም የማይጽፈውን ልጻፍ፤ የወረቀቱን ጉዳይ። ያ ሴሚስተር እንደማይሆንልኝ ገብቶኛል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ዝም ብሎ ይጠፋል። ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ ያልተፈተነው ኮርስ ኤፍ ሊሆንበት፣ ጂፒኤው ከ2.00 በታች ሊወርድ፣ መመለሱም ሊከብደው ይችላል። በሕመም ዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርት ለጊዜው ማቋረጫ ቅጽ፣ የሞላ ግን የሐኪም ማስረጃውን ሬጅስትራር አስገብቶ፣ ክሊራንሱን ጨርሶ በሥርዓት ይወጣል፤ ጊዜው ሲደርስ ሪአድሚሽን ጠይቆ ይመለሳል። ዝርዝሩና የመጨረሻው ቀን በየዩኒቨርሲቲው ደንብ ስለሚለያይ ፋይናል ሳይደርስ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም። የሁሉንም ኮፒ ያዙ፣ ስልካችሁ ላይም ፎቶ አንሡት።

እኔም ዊዝድሮዋል ሞልቼ መሐል ሜዳ ስገባ «ተባረረች» ተባለ። ቡና በተጠራን ቁጥር ይነሣል። አንድ ቀን እናቴ ረከቦቱ ፊት ቁጭ ብላ፣ ሁለተኛውን እየቀዳች፣ ቀና ሳትል «ልጄ ታማ ነው የመጣችው። ስትድን ትመለሳለች። የእናንተ ልጅ ታይፎይድ ይዞት የተኛ ጊዜ ተባረረ አልን እንዴ?» አለች። ስኒው ሲንኳኳ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀን የለም። ቢያንስ ለአንድ የቤተሰብ ሰው እውነቱን ንገሩ የምለው ለዚህ ነው። ለሰፈሩ እሱ ይመልስላችኋል።

ስመለስ ከእኛ በታች ከነበረው ባች ጋር ተቀላቀልኩ። ከሐኪሙ ጋር የተስማማንበት ነገር ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ ሲነግረኝ ትንሽ ንቄውም ነበር። አንደኛው ጠዋት ተነሥቶ፣ ደብተር ሳይይዙ፣ በእግር መሄድ ነው። ወደ ፍቅር ሐይቅ እወርዳለሁ፣ አንዳንዴ እስከ አሞራ ገደል። ጀልባዎቹ ሲገቡ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ ሽማግሌ መስለው ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። እነሱ ጂፒኤ አይጠይቁም።

ሁለተኛው አንድ ርዕስ ለአንድ ሰው ማስረዳት ነው። ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው የይርጋለም ልጅ እሺ አለች። ከእራት በኋላ ባዶ ክፍል እንፈልጋለን። እሷ መጨረሻው ወንበር ላይ ቆሎዋን ይዛ ትቀመጣለች። እኔ ጠመኔ ይዤ ስለ ፍላጎትና አቅርቦት አስረዳለሁ። የእሷ ትምህርት ጂኦግራፊ ነው፣ ስለ ኢኮኖሚክስ ደንታም የላትም። «አልሰማሽም፣ ጮክ በይ!» ትለኛለች ቆሎዋን እየቆረጠመች። «ይሄ መስመር ለምንድነው ወደ ታች የሄደው?» ትላለች። መልሱን እያወቅሁ ይጠፋኛል። ትጠብቀኛለች። በአማርኛ ጀመርን፣ እንግሊዝኛው ቀስ ብሎ ገባ። አንድ ማታ ሳትነግረኝ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ተናድጄ ልወጣ ነበር፤ «ቆሎ አልቆብን ነው የመጡት፣ እነሱ ናቸው የያዙት» አለች። ሳቄ መጣና ቀጠልኩ። ቀጥሎ ክፍል ውስጥ የግሩፑን መግቢያ ብቻ አቀረብኩ። ድምፄም እግሬም ተንቀጠቀጠ። በሚቀጥለው እግሬ ብቻ ተንቀጠቀጠ።

መተማመን መጥቶልኝ ተነሥቼ አላቀረብኩም። እየፈራሁ አቀረብኩ፣ እሱ ኋላ እየተጎተተ መጣ። ይህን ማድረግ የቻልኩት ደግሞ መድኃኒቱ ሠርቶ መተኛት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት «ቆመሽ አስረጂ» ቢሉኝ ኖሮ ሌላ ቅጣት ይሆንብኝ ነበር።

ያቺ አፏን በእንግሊዝኛ የፈታች የምትመስለኝ ልጅ አንድ ቀን ላውንጅ ውስጥ አገኘችኝ። ማኪያቶዋን እያማሰለች «ግሬድ እስኪለጠፍ አልተኛም እኮ። አንድ ቀን ይነቁብኛል ብዬ ነው የምኖረው» አለችኝ። እሷ! ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1978 እ.ኤ.አ. የጻፉት ስለዚሁ ነው። ከ150 በላይ ስኬታማ ሴቶችን ይዘው ያዩት ነገር፣ ዲግሪውም ሽልማቱም እያላቸው «ሰው ተሳስቶ ነው እንጂ እኔ ባዶ ነኝ» ማለታቸውን ነው። ይህ ስሜት ለብቻው በሽታ አይባልም። ድብርት ላይ ሲደረብ ግን ጉድ ነው። ያን ቀን ከማንኛውም ንግግር በላይ የረዳኝ የእሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ጫትን ሳላነሣ አላልፍም። ለፈተና ብለው የሚጀምሩ አሉ፣ ወንዶች ብቻ አይደሉም። ውስጡ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ስለሆነ ያን ሌሊት ሳያስተኛ ያቆያል። በማግስቱ ግን እንቅልፍ ማጣቱ፣ ዱካክ የሚሉት ቅዠት፣ ሆድ መባሱ አለ። ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ የሚሉት መጠጥ አለ። ያዘነ ሰው ላይ ይህ ሲጨመር መለየት ያቅታል። ሐኪም ሲጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩ፤ ለቤተሰብ አይደውልም።

ዶርማችሁ ውስጥ እንዲህ የሆነ ሰው ካለ «አይዞሽ» ማለት ጥሩ ነው፣ አይበቃም እንጂ። የይርጋለሟ ልጅ አንድም ቀን አልመከረችኝም። ቀጠሮ ቀን አብራኝ ባጃጅ ትሳፈራለች። ወረፋ ላይ አብራኝ ትቀመጣለች። ማታ «ዋጥሽ?» ትላለች፣ በቃ። ሰውዬው ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ፣ ዕቃውን ማደል ከጀመረ፣ ስንብት የሚመስል መልእክት ከላከ ግን ብቻውን አትተዉት። ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ። ለፕሮክተር (ለዶርም ተቆጣጣሪው) ንገሩ፣ ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። «ለማንም አትናገሩ» ብሎ አስምሏችሁ ቢሆንም ተናገሩ። ከተቀየመም ይቀየም።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነው፤ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። እሱ ሲቃረብ የሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተመለሰብኝ። የዚያን ጊዜ ግን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሳይብስ ክሊኒክ ሄድኩ። ልቤ እየመታ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ።

ክሊኒክ ገብቶ ምን እንደሚሉ ግራ ለሚገባችሁ ይህን ውሰዱ፦ «እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ሁለት ሳምንት አልፎኛል፤ ምንም ነገር ደስ አይለኝም፤ ስለ ጭንቀትና ድብርት እንድታዩኝ ነው የመጣሁት።» አፍ እምቢ ካለ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ። የመጀመሪያው ሰው ማስታገሻ ብቻ ሰጥቶ ከሸኛችሁ በሌላ ተረኛ ቀን ተመልሳችሁ ያንኑ ድገሙት።